ዳውላውን ትቶ አህያውን፦ ለትንሽ ሞለኪውል አንቲቦዲ የማሠራት ሙያ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከቢሾፍቱ ደወለችልኝ። እንስሳት ሕክምና ነው የምትማረው። ለመመረቂያ ሥራዋ በላም ወተት ውስጥ ያለውን ፕሮጄስትሮን፣ ያን የእርግዝና ሆርሞን፣ የሚለካ ኤላይዛ ራሷ ለመሥራት ቆርጣለች። ኤላይዛ በአንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት እንግዳ ነገር ለመያዝ በሚሠራው ፕሮቲን፣ ተጠቅሞ በቀለም የሚለካ ፈተና ነው። ከውጭ የሚመጣው ኪት ዋጋው አይቀመስም። ቢገኝም የሚደርሰው የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። "እትዬ፣ ፕሮጄስትሮኑን ዘይት ውስጥ አሟሙቼ ጥንቸል ብወጋበት አንቲቦዲ አይሰጠኝም?" አለችኝ።

"አይሰጥሽም" አልኳት። "ለምን?" አለች። ለምኑን ጀመርኩላት፤ ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። በመጨረሻ "ተይው፣ እጽፍልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ሜሪላንድ ውስጥ አንቲቦዲ በምንሠራበት ትንሽ ላብራቶሪ 14 ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄዋ እኔም በመጀመሪያ ዓመቴ የጠየቅኩት ነው። ስህተቱንም ከመጽሐፍ ሳይሆን ሠርቼው ነው የማውቀው። የጻፍኩላት ከዚህ በታች ያለው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ጥንቸሏ ለምን ዝም እንደምትል

ፕሮጄስትሮን 314 ዳልተን ነው የሚመዝነው፤ ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው። የላም አልቡሚን 66,400 ገደማ ነው። ጎን ለጎን ብታስቀምጫቸው ከበሬ አጠገብ የቆመች ዶሮ በያት።

ችግሩ ግን ማነሱ ብቻ አይደለም። አንቲቦዲ የሚያመርተው ቢ ሴል ነው። ቢ ሴል ፊቱ ላይ ባለው መያዣ ብዙ ዓይነት ቅርጽ መያዝ ይችላል፤ ፕሮጄስትሮንንም ጭምር። ይዞ ግን ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ተባዝቶ ጥሩ አንቲቦዲ እንዲያመርት የረዳት ቲ ሴል ፈቃድ ይፈልጋል። ረዳት ቲ ሴል ደግሞ አመለኛ ነው። ፕሮቲን ተቆራርጦ፣ ቁራጩ በሳህን ተደርጎ ሴሉ ደጅ ላይ ካልቀረበለት አይነቃነቅም። ፕሮጄስትሮን ፕሮቲን አይደለም። ስለዚህ ቢ ሴሉ ይይዘዋል፤ ለቲ ሴሉ የሚያቀርበው ግን ባዶ ሳህን ነው። በዚያ ላይ ፕሮጄስትሮን የጥንቸሏ የራሷም ሆርሞን ነው። ምን አስደንግጧት ትነሳ?

ለዚህ መላ ያገኘለት ካርል ላንድሽታይነር ነው። ያ የደም ዓይነቶችን ያገኘው የቪየና ሰው፣ በ1930 ኖቤል የተሸለመው። ትናንሽ ኬሚካሎችን ፕሮቲን ላይ እያጣበቀ እንስሳት ይወጋ ነበር። ብቻቸውን ሲወጉ ምንም የማያስነሱት ኬሚካሎች ፕሮቲን ላይ ሲጣበቁ አንቲቦዲ አስመረቱ። አንቲቦዲዎቹ ደግሞ ዓይናቸው የሚገርም ነው። አቶሞቻቸው አንድ ሆነው አቀማመጣቸው ብቻ የሚለያየውን ኦርቶ፣ ሜታና ፓራ ይለያሉ። በ1921 ለእነዚህ ትናንሽ ነገሮች ሃፕተን የሚል ስም አወጣላቸው። ከግሪክ ነው፤ መያዝ፣ መጨበጥ እንደማለት። ሃፕተኑን የሚሸከመው ፕሮቲን ካሪየር ይባላል።

አባቴ ደብረ ብርሃን ገበያ እህል ይነግድ ነበር። ስለዚህ እኔ ይህን ሁሉ በአህያ ነው የማስበው። ሃፕተኑ ዳውላ ነው። ካሪየሩ አህያ ነው። ሁለቱን የሚያስረው የአቶም ሰንሰለት መጫኛ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሊንከር ይሉታል። መጫኛ ይሻላል።

አህያው ሥራው መሸከም ብቻ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የለንደኑ አቭሪዮን ሚቺሰን በ1971 ያወጣውን ሙከራ ሳነብ ነው የነቃሁት። ሚቺሰን ኤንአይፒ የምትባል ሃፕተን በኦቫልቡሚን፣ ማለትም በእንቁላል ነጭ ፕሮቲን፣ አስጭኖ አይጦች ወጋ። ከዚያ ሴሎቻቸውን ወስዶ የራሳቸው ሴል በጨረር ወደጠፋባቸው አይጦች አዛወረ። እነዚህን በዚያው በኦቫልቡሚኑ ጭነት ሲወጋቸው አንቲቦዲው ጎረፈ። ያቺኑ ኤንአይፒ በላም አልቡሚን አስጭኖ ሲወጋቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል ምላሽ የለም። ዳውላው ያው ነው፤ የተለወጠው አህያው ነው። ቀጥሎ የላም አልቡሚንን ብቻውን ከለመዱ አይጦች ሴል ጨመረላቸው። ምላሹ ተመለሰ።

ገባሽ አይደል? ቢ ሴሉ ዳውላውን ያውቃል፤ ቲ ሴሉ አህያውን ያውቃል። አህያውን የሚያውቅ ቲ ሴል ከሌለ ዳውላው የትም አይደርስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮጄስትሮኑንና ፕሮቲኑን ሲሪንጅ ውስጥ ቀላቅለሽ ብትወጊ አይሠራም። "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች" የሚለው ተረት እዚህ ቦታ የለውም። አብሮ መዋል አይበቃም፤ በመጫኛ መታሰር አለበት። ቢ ሴሉ ዳውላውን ጨብጦ ወደ ውስጥ ሲጎትት የታሰረው አህያ አብሮ ይገባል። ውስጥ ይቆራረጣል። ለቲ ሴሉ በሳህን የሚቀርበው የአህያው ሥጋ ነው። ቲ ሴሉ ያንን አውቆ "በርታ" ይለዋል። ቢ ሴሉ በርትቶ የሚያመርተው ግን የዳውላውን አንቲቦዲ ነው። ቢ ሴል በመያዣው የያዘውን ነገር ለቲ ሴል በማቅረብ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ አንቶኒዮ ላንዛቬኪያ በ1985 አሳይቷል።

መጫኛው የት ይታሰር?

አንቲቦዲ አጥርቶ የሚያየው ከመጫኛው የራቀውን ጎን ነው። መጫኛው አጠገብ ያለው ይሸፈንበታል። ስለዚህ ፕሮጄስትሮንን ስቴሮይድ ከሚባሉት ዘመዶቹ የሚለየው ምልክት የት እንዳለ ቀድመሽ እዪ። አንደኛው ጫፍ ላይ፣ 3ኛው ካርቦን ጋ፣ አንድ ኪቶን አለ። ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ 17ኛው ካርቦን ጋ፣ አጭር ጭራ ተንጠልጥላለች። አንዱን ጫፍ ብታስሪው ያ ጫፍ ይደበቃል። ከዚያ አንቲቦዲሽ ፕሮጄስትሮንን ከሌላ ስቴሮይድ ጋር ያምታታል።

መፍትሔው ወገቡን ማሰር ነው፤ 11ኛው ካርቦን ላይ። ራስሽ ለማዋሐድ አትድከሚ። 11-አልፋ-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ሄሚሰክሲኔት በሚል ስም ተዘጋጅቶ ይሸጣል። አራት ካርቦን ያላት መጫኛ ተገጥማለት፣ ጫፏ ላይ ካርቦክሲል፣ ማለትም ፕሮቲኑ ላይ የምትታሰርበትን የአሲድ ጫፍ፣ ይዛ ትመጣለች። ክብደቱ 430.5 ነው። ስሙ ስለሚያደክም ከዚህ በኋላ ዳውላው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁለት አህያ ግዢ

አንዱ ለመርፌ፣ አንዱ ለፕሌት፣ ኤላይዛው ለሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ፕላስቲክ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዥ ይህን ያዢ።

የዛሬ 14 ዓመት፣ ሥራ በጀመርኩ በወሩ፣ ለሌላ ስቴሮይድ አንቲቦዲ እንድሠራ ተሰጠኝ። ለመርፌውም ለፕሌቱም ቢኤስኤ ተጠቀምኩ፤ ማለትም የላም አልቡሚን። ርካሽ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ሞልቷል። ለምን ሁለት ልግዛ? ሦስት ወር ጥንቸል ወጋሁ። ሴረሙን፣ ማለትም የደሙን ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ 100,000 እጥፍ አቅጥኜው እንኳ ፕሌቱ ቢጫ በቢጫ ሆነ፤ ቢጫ ማለት አንቲቦዲ ተጣብቋል ማለት ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ እናቴ ጋ ሁሉ ደወልኩ። አጠገቤ የምትሠራ አንዲት አንጋፋ ኮሪያዊት ፕሌቱን አየችና "እስቲ ነጻ ሆርሞን ጨምሪበት" አለችኝ። ጨመርኩ። አንቲቦዲው የሆርሞኑ ቢሆን ኖሮ ነጻው ሆርሞን ይሻማው ነበር፤ ቢጫው ይደበዝዝ ነበር። ንቅንቅ አላለም። አሥር እጥፍ ጨመርኩ። መቶ እጥፍ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች።

ሦስት ወር ሙሉ ያሠራሁት የቢኤስኤ አንቲቦዲ ነበር። ያገራችን ሰው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይላል። የእኔ ጥንቸሎች ገለበጡት፤ ዳውላውን ትተው አህያውን መቱ።

ይህ መቼም አይቀርም። ካሪየሩ ትልቅ ነው፣ እንግዳ ነው፣ የራሱ ብዙ ገጽ አለው። ቢ ሴሎች እሱንም ይይዛሉ። ጥሩ ሴረም ውስጥ እንኳ የካሪየሩ አንቲቦዲ ከሃፕተኑ ቢበልጥ አይግረምሽ። ማጥፋት አትችይም። ማድረግ የምትችይው ፕሌቱ ላይ ጥንቸሏ አይታው የማታውቀውን አህያ ማቆም ነው። ያኔ የሚጣበቀው ዳውላውን የሚያውቀው ብቻ ይሆናል።

ለመርፌ ኬኤልኤች ግዢ። በካሊፎርኒያና በሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ከሚኖር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ኦክሲጅን የሚሸከመው በብረት ሳይሆን በመዳብ ስለሆነ ደሙ ሰማያዊ ነው። ሲሟሟም ትንሽ ሰማያዊ ደመና ይመስላል፤ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው። ግዙፍ ነው፤ በሚሊዮኖች ዳልተን ይቆጠራል። ከጥንቸል በዝምድና እጅግ ስለሚርቅ የትኛውም ቁራጩ ለጥንቸል ቲ ሴል አዲስ ነው። ደርቆ የመጣውን ግዢ። እየደጋገሙ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ አይወድም።

ለፕሌት ቢኤስኤ ይበቃል።

የጥንቸል አልቡሚን እንዳይታለምሽ። የራስን ፕሮቲን የሚያጠቁ ቲ ሴሎች ገና ሲያድጉ ይመነጠራሉ፤ አህያው የቤት አህያ ከሆነ የሚያውቀው ረዳት የለም። ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ በኬኤልኤች የወጋትን ጥንቸልም አትቀበይ። ካሪየሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውነት አንዳንዴ ይረዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ የቆዩት የካሪየር ቢ ሴሎች መድረኩን ይይዙና አዲሱ ሃፕተን ቦታ ያጣል። የትኛው እንደሚገጥምሽ ሳታውቂ ወራት አታባክኚ።

"የራስ ፕሮቲን ካልሠራ የፔኒሲሊን አለርጂ ከየት መጣ?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፔኒሲሊንም ትንሽ ነው፤ 334 ዳልተን። ግን ቀለበቱ ሲከፈት ራሱ የሰውየው አልቡሚን ላይ ላይሲን፣ ከፕሮቲን መገንቢያዎች አንዷን፣ ፈልጎ ይጣበቃል። አህያውን ራሱ ፈልጎ ይጫናል በያው። የተጣበቀበት ቁራጭ ደግሞ መልኩ ይለወጣል፤ ለቲ ሴል እንግዳ ይሆናል። ፀጉር ማጥቆሪያ ውስጥ ያለው ፒፒዲም፣ ያን የተቀላቀለበት ጥቁር ሂናም ቆዳ የሚያሳክከው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው። ለልብ ሕመማቸው በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉ ልጆች ባሉበት አገር ነርሷ "ተወግተህ አሳክኮህ ያውቃል?" ብላ የምትጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። የእኛ ፕሮጄስትሮን ግን እንዲህ ያለ የሚጣበቅ ባሕርይ የለውም። እኛ ካላሰርነው አይታሰርም።

ጭነቱን ማሰር

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የዳውላውን ካርቦክሲል ታነቂያለሽ፤ ቀጥሎ ፕሮቲኑ ላይ ታፈሺዋለሽ። የሚያነቃውን ኬሚካል፣ ኢዲሲውን፣ በቀጥታ ፕሮቲኑ ላይ የሚጨምሩ አሉ። አትከተያቸው። ኢዲሲ የፕሮቲኑንም ካርቦክሲሎች ይነካል፤ አህያውን በራሱ ላይ ያስረዋል። በዚያ ላይ የሚተወው ምልክት በሁለቱም ካሪየሮች ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥንቸሏ ለምልክቱ አንቲቦዲ ሠርታ ታታልልሻለች።

ኢዲሲውን ከማቀዝቀዣ ስታወጪው ወዲያው አትክፈቺው። ጠርሙሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። እርጥበት ከገባበት ሞተ ማለት ነው። ስንት ሰው "ኬሚስትሪው አልሠራም" ሲል ሰምቻለሁ፤ ያልሠራው ኢዲሲው ነው።

10 ሚሊግራም ዳውላ በ1 ሚሊሊትር ደረቅ ዲኤምኤፍ (ማሟሚያ ፈሳሽ ነው) አሟሚ። 4 ሚሊግራም ኤንኤችኤስ (የኢዲሲ አጋዥ ነው) እና 7 ሚሊግራም ኢዲሲ ጨምሪ። ክፍሉ ሙቀት ላይ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይማሰል። አየር መሳቢያው ሁድ ሥር፣ ጓንት አድርገሽ። ማርገዝ የምታስብ ሴት ከዲኤምኤፍ ትራቅ።

እስከዚያ በሁለት ዕቃ ፕሮቲኖችሽን አዘጋጂ። 20 ሚሊግራም ኬኤልኤች በ4 ሚሊሊትር፣ 20 ሚሊግራም ቢኤስኤ በ4 ሚሊሊትር። ማሟሚያው 0.1 ሞላር ባይካርቦኔት ይሁን፣ ፒኤቹ 8.3። ትሪስ ወይም ግላይሲን ያለበት ባፈር (ፒኤች ጠባቂ ፈሳሽ) በጭራሽ አትጠቀሚ፤ ዳውላሽን ከፕሮቲኑ ቀድመው ይወስዱታል።

ዕቃዎቹን በረዶ ላይ አድርገሽ የነቃውን ዳውላ ለሁለት ክፈይው፤ ለየአንዳንዱ ግማሽ ሚሊሊትር። ጠብ፣ ጠብ እያደረግሽ፣ እየማሰለ። ቸኩለሽ ብትደፊው ስቴሮይዱ ውሃ ስለማይወድ እርጎ ይመስልሻል። ሒሳቡን ከፈለግሽ፣ 10 ሚሊግራም ዳውላ 23 ማይክሮሞል ነው፤ 20 ሚሊግራም ቢኤስኤ 0.3 ማይክሮሞል ነው። ግማሹ ሲደርሰው ለአንድ ቢኤስኤ ወደ 40 ዳውላ ማለት ነው። ሁሉም አይጫንም።

በሦስተኛ ዕቃ ትንሽ ቢኤስኤ ያዢ። እሱም ያንኑ ሁሉ ይለፍ፤ ኤንኤችኤስ፣ ኢዲሲ፣ ዲኤምኤፍ። ዳውላው ብቻ ይቅርበት። ባዶ ጭነት በይው። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ በኋላ ነው የሚቆጩት።

ሌሊቱን 4 ዲግሪ ላይ እየማሰለ ይደር። ጠዋት ትንንሹን ብቻ በሚያሳልፍ ዲያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ጨምረሽ 2 ሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ጨዋማ ባፈር ነው) ውስጥ አስገቢው። በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ቀይሪ። ያልታሰረ ስቴሮይድ ከቀረ በኋላ ፈተናሽን ሁሉ ያበላሻል። መጨረሻ ላይ ስስ ጭጋግ ቢኖር ግድ የለም። ቅንጣት ቅንጣት ካለ በሴንትሪፉጅ አዝቅጪና የላዩን ውሰጂ።

ስንት ተጫነ?

አባቴ አህያ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነበር። ገጣባ አህያ ጭነት በዝቶበት የኖረ ነው፤ ሩቅ አይሄድም። ካሪየርም እንደዚያው ነው። ቢኤስኤ ዳውላ የሚታሰርባቸው 59 ላይሲኖች አሉት፤ ከውጭ የሚደረስባቸው ከ30 እስከ 35 ገደማ ናቸው። ሁሉንም ብትሸፍኚያቸው ፕሮቲኑ ከሟሟበት ተለይቶ ይዘቅጣል፣ ሴል ውስጥም እንደወትሮው አይቆራረጥም፤ ለቲ ሴል የሚቀርበው ነገር ይበላሻል። ሁለት ሦስት ብቻ ከጫንሽ ደግሞ ቢ ሴሉ አያየውም። እኔ ቢኤስኤ ላይ ከ10 እስከ 20 ሲሆን ደስ ይለኛል።

ለመቁጠር ማልዲ የሚባለው የሞለኪውል ክብደት መለኪያ መሣሪያ ያለው ተቋም ካገኘሽ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዳውላ ክብደቱን በ412 ይጨምረዋል፤ ሲታሰር ውሃ ስለሚወጣ ነው 430 ያልሆነው። ቢኤስኤሽ ከ66,400 ወደ 72,600 ከዘለለ 15 ተጭኗል። ማልዲ ካጣሽ በቲኤንቢኤስ፣ ነጻ ላይሲን ሲያገኝ ቀለም በሚያወጣ ኬሚካል፣ የቀሩትን ነጻ ላይሲኖች ቁጠሪ፤ ከባዶ ጭነቱ ጋር አወዳድሪ። ኬኤልኤች ግዙፍ ስለሆነ ለማልዲ አይመችም። እኔ ጎን ለጎን በአንድ ቀን የታሰረውን ቢኤስኤ እንደ ምስክር ቆጥሬ አልፋለሁ።

መርፌው

የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይኖርሽ ጥንቸል አትንኪ። ሦስት ጥንቸል ጠይቂ፤ አንዷ ሰነፍ መሆኗ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት፣ ገና ምንም ሳትወጊ፣ ከእያንዳንዷ ትንሽ ደም ቅጂና ሴረሙን አስቀምጪ። በኋላ እንመጣበታለን።

ሩብ ሚሊግራም የኬኤልኤች ጭነት በግማሽ ሚሊሊትር ጨዋማ ውሃ፣ ከግማሽ ሚሊሊትር ኮምፕሊት ፍሮይንድ፣ የሰውነትን ምላሽ ከሚያጠነክር ዘይታማ ማገዣ፣ ጋር አዋሕጂ። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ላይ ጣይ። ሳትበተን ቁጭ ካለች ደርሷል። ጀርባዋ ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ቢያንስ አራት ቦታ አከፋፍለሽ ስጪ። በአራተኛው ሳምንት ግማሹን መጠን በኢንኮምፕሊት ፍሮይንድ ድገሚ፤ ከዚያም በየአራት ሳምንቱ። ኮምፕሊቱን ለተመሳሳይ እንስሳ ሁለተኛ አትስጪ፤ ክፉ ቁስል ያወጣል። መርፌው አንቺንም እንዳይወጋሽ። ደም የምትቀጂው ከድጋሚው በኋላ በ10ኛው ቀን ገደማ ነው።

መጀመሪያ ደካማ ቢሆን አትደንግጪ። ቲ ሴሎቹ አህያውን ገና እየለመዱት ነው። ሦስተኛው ላይ ይሻላል፤ የአንቲቦዲው መያዝም እየጠበቀ ይሄዳል።

ዳውላው ነው ወይስ አህያው?

ፕሌቱን በፕሮጄስትሮን-ቢኤስኤ ቀቢ፤ 1 ማይክሮግራም በሚሊሊትር፣ ሌሊቱን። ጥቂት ጉድጓዶችን በባዶ ጭነቱ ቀቢ። ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሸፈኛ የዓሣ ጄላቲን ተጠቀሚ። የዱቄት ወተት እንዳትነኪ! ወተት ውስጥ ፕሮጄስትሮን አለ፤ ልትለኪው የፈለግሽው እሱኑ ነው። ቢኤስኤም ለመሸፈኛ ጥሩ አይደለም፤ አልቡሚን ስቴሮይድ ይይዛል።

ሴረሙን እያቀጠንሽ ጨምሪና እዪ። ባዶ ጭነቱ ላይ ቢጫ ከወጣ አንቲቦዲሽ ያወቀው ፕሮቲኑን ወይም የኬሚስትሪውን ጠባሳ ነው። ፕሮጄስትሮን-ቢኤስኤው ላይ ብቻ ከወጣ መልካም፤ ግን እልል አትበይ። ግማሽ ቀለም የሚሰጠውን ቅጥነት ምረጪና ነጻ ፕሮጄስትሮን ጨምሪበት፤ ከ0.1 እስከ 100 ናኖግራም በሚሊሊትር። ቀለሙ ደረጃ በደረጃ መውረድ አለበት። እኔን ያዋረደኝ ፈተና ይህ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ይህን ብሠራ ኖሮ እናቴ ጋ አልደውልም ነበር።

ቀለሙ የሚወርደው ብዙ ፕሮጄስትሮን ስትጨምሪ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ መጫኛው ነው። አንቲቦዲው ዳውላውን ከነመጫኛው ለምዶታል። ፕሌቱ ላይ ያው መጫኛ ስላለ ነጻውን ንቆ እዚያው ሙጭጭ ይላል። መድኃኒቱ ፕሌቱ ላይ መጫኛውን መለወጥ ነው። በዚያው በ11ኛው ካርቦን ላይ፣ ግን በግሉኩሮኒድ የታሰረ ፕሮጄስትሮን አለ፤ እሱን ቢኤስኤ ላይ ጫኚ። የአንቲቦዲው ሙጭጭታ ይላላል፤ ነጻው ፕሮጄስትሮን መሻማት ይችላል።

ከዚያ ዘመዶቹን አምጪ፦ ቴስቶስትሮን፣ ኮርቲሶል፣ ኢስትራዲዮል፣ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን። በየተራ ጨምሪና ቀለሙን ምን ያህል እንደሚያወርዱት መዝግቢ። 11-አልፋ-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ከፕሮጄስትሮንም በላይ ቢያወርደው አትገረሚ። መልኩ ከተወጋችው ጋር ይበልጥ ስለሚመሳሰል ነው።

ላሟ ጋ ስትደርሺ ደግሞ፣ ከተዳቀለች ከ21 እስከ 24 ቀን ባለው ጊዜ ወተቷን ውሰጂ። ፕሮጄስትሮኑ ዝቅ ካለ አላረገዘችም ማለት ትችያለሽ፤ ለገበሬው የሚጠቅመው ይኸኛው መልስ ነው፣ ቶሎ ያስደግማታል። ከፍ ካለ ግን "እርጉዝ ናት" ብለሽ አትማይ። ማዳቀሉ በትክክለኛው ቀን ካልነበረ ወይም ፅንሱ በኋላ ከጠፋ ታሳፍርሻለች። ሐኪሙ በእጁ ያረጋግጥ።

ያ የኬኤልኤች ጭነት ከመርፌ የተረፈውን በትንንሽ ቱቦ አከፋፍለሽ ደረቅ በረዶ ላይ አቀዝቅዢና አስቀምጪ። እያንዳንዱ ቱቦ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅለጥ። ቱቦው ላይ ቀኑን፣ ካሪየሩን፣ መጫኛውንና ስንት እንደተጫነ ጻፊ። "ፕሮጄ 2" ብሎ የጻፈ ሰው በስድስት ወሩ ምን እንደሆነ አያውቀውም፤ እኔ ነኝ ያ ሰው።

በነገራችን ላይ፣ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የቀዳሽው ሴረም የት ነው ያለው? ፕሌቱ ላይ ከአዲሱ ጎን እሱ ካልቆመ ቢጫው ከመርፌው ይምጣ ወይም ጥንቸሏ ድሮም የነበራት ይሁን በምን ታውቂያለሽ? ፈልጊውና ደውይልኝ።